ኢሜይላችንን ቦታ ላስያዘችልን የደሴ ልጅ ምስጋና፣ ለሚፈልጋትም ጥቆማ

ኮምቦልቻና ደሴ ቢሮ ያላችሁ፣ በተለይ ሥራችሁ በኢሜይል የሚሄድ፣ ይህን አንብቡልኝ። ደሴ የምትኖር አንዲት የኔትወርክ ባለሙያ አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ አደራ ስላለችኝ እተወዋለሁ። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

እኛ ማሾና ሌላም ጥራጥሬ ወደ ውጭ እንልካለን። ውሉ፣ የባንክ ሰነዱ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው የመርከብ ወረቀት፣ ሁሉም በኢሜይል ነው የሚመላለሰው። አንድ አታችመንት ጠፋ ማለት ዕቃው ወደብ ላይ ተገተረ ማለት ነው። ወደብ ደግሞ በነጻ አያሳድርም።

የምንጠቀመው አውትሉክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ነው። የአብዛኞቻችን አካውንት በድሮው መንገድ፣ በፖፕ የተከፈተ ነው። ፖፕ ደብዳቤውን ወደ ኮምፒውተሩ ያወርድና፣ አስቀር ካልተባለ በቀር፣ የኢሜይል ሰርቨሩ ላይ ያለውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ያለን ብቸኛ ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው፣ አውትሉክ ደብዳቤውን የሚያጠራቅምበት የፒኤስቲ ፋይል ነው። ይህ ፋይል የት ነው ቢባል ግን መልስ የሚሰጥ አልነበረም። የአንዷ ዶክመንትስ ውስጥ፣ የአንዱ ዴስክቶፕ ላይ። የሒሳብ ክፍሉ ደግሞ በኔትወርክ የቢሯችን የጋራ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ቀደም ሲል የሠራልን ሰው ነበር እንዲያ ያደረገው። መብራት ድርግም ባለ ቁጥር የሒሳብ ክፍሉ አውትሉክ አልከፍትም ይላል። ሌላው ጣጣችን ፎርማት ነው። እኛ አገር ኮምፒውተር ትንሽ ከዘገየ የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ነው አይደል? ሲ ድራይቭ ሲጠረግ ደብዳቤውም አብሮ ይጠረጋል።

ልጅቷ ስትመጣ መጀመሪያ ምንም አልነካችም። ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየዞረች የአውትሉክን አካውንት ሴቲንግ ከፍታ ዳታ ፋይልስ የሚለውን ገጽ አየች። እዚያ የእያንዳንዱ ፋይል ሙሉ አድራሻ ተጽፎ ይገኛል። ሁሉንም በደብተሯ መዘገበች። ከዚያ የተበላሹትን መጀመሪያ ኮፒ አደረገች፣ ኮፒውን ከኦፊስ ጋር በሚመጣው ስካንፒኤስቲ በሚባለው ጠጋኝ አስኬደች። አብዛኛው ተመለሰ። ሁሉም አይደለም።

ይህን ሌላም ባለሙያ ሊያደርገው ይችላል። እኔ ላመሰግናት የፈለግሁት ስለቀጣዩ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን «ሁሉንም ሰርቨሩ ላይ ሰብስቢልኝና እንገላገል» አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን ከፋዩን ላለማስከፋት እሺ ብሎ ይሠራ ነበር። እሷ «አይሆንም ጋሼ» አለች። ምክንያቷንም ዘረዘረች። አውትሉክ የፒኤስቲን ፋይል ከፍቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በየቅጽበቱ ይጽፍበታል። መስመሩ በመሃል ከተቋረጠ ጽሑፉ ግማሽ ላይ ይቀራል፣ ፋይሉ ይበላሻል። ማይክሮሶፍት ራሱ ፒኤስቲን በኔትወርክ ላይ ከፍቶ መሥራትን አይደግፍም። «ጆንያ እየሰፉ ክሩ ቢበጠስ እህሉ መሬት ነው የሚፈሰው» ስትላቸው ጋሼ ሳቁ። ማሾ ነጋዴ በዚህ ካልገባው በምን ሊገባው። «አብሽሩ፣ ቅጂውን ሰርቨር ላይ አስቀምጥልዎታለሁ። ዋናው ግን ከሰውዬው ኮምፒውተር አይወጣም» ብላ ጨረሰች። የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ በሆነው ዋንድራይቭ ውስጥ ይግባ ላለውም ልጅ መልሷ ያው ነው፤ ሁሌ የሚለዋወጥ ትልቅ ፋይል እዚያ ሲገባ ሲንኩ፣ ማለትም ማመሳሰሉ፣ መከራውን ያያል።

ቦታውን ያስያዘችው በግሩፕ ፖሊሲ ነው፤ ይህ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ቅንብር ከአንድ ቦታ የሚያዝ የዊንዶውስ መሣሪያ ነው። ቢሯችን ዶሜን ያለው፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹንና ተጠቃሚዎቹን በአንድ የሚያስተዳድር ሰርቨር አለው፤ ከተገዛ ጀምሮ ፋይል ማጋሪያና ፕሪንተር ማገናኛ ከመሆን አላለፈም ነበር። እሷ የኦፊስን የፖሊሲ ቅጾች ከማይክሮሶፍት አውርዳ ጫነችበት። በዚያ ውስጥ በአውትሉክ ሥር የፒኤስቲ መነሻ ቦታ የሚወሰንበት ቅንብር አለ። ዲ ድራይቭ ላይ አንድ ፎልደር ወስና፣ በውስጡ እያንዳንዱ ሰው በስሙ የራሱ እንዲኖረው በየተጠቃሚው ስም የሚተካ ምልክት አስገባች። ሲ ፎርማት ቢደረግም ዲ አይነካም። አንድ ላፕቶፕ ዲ ድራይቭ የለውም ነበር፤ ለእሱ ለብቻው ሌላ ፖሊሲ አወጣችለት። ይህን ሳያዩ ለሁሉም አንድ መንገድ ቢሰጡ ያ ላፕቶፕ የሌለ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ጋ ነው። ፖሊሲው የድሮውን ፋይል አያንቀሳቅስም። የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚፈጠረው ብቻ ነው። ስለዚህ ነባሮቹን አውትሉክን እየዘጋች በእጇ አዛወረች፣ አድራሻቸውንም አንድ በአንድ አስተካከለች። አሰልቺ ሥራ ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ፖሊሲውን አብርቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ይሄዳል።

የኦኤስቲ ነገርም አለ። የሥራ አስኪያጁ አካውንት ደብዳቤው ሰርቨር ላይ የሚኖርበት የማይክሮሶፍት አገልግሎት፣ የኤክስቼንጅ ነው፤ እሱ የሚይዘው ፋይል ኦኤስቲ ይባላል፣ ለእሱ የተለየ ቅንብር አለ። ኦኤስቲ የኢሜይል ሰርቨሩ ግልባጭ ስለሆነ ቢጠፋ እንደገና ይወርዳል። ባክአፕ አያስፈልገውም ብላ ተወችው። ሲወርድ ግን የእኛን ኢንተርኔት እናንተም ታውቁታላችሁ።

በመጠኑም ገደብ ጣለች። ከ2010ሩ አውትሉክ ወዲህ አንድ ፒኤስቲ እስከ 50 ጊጋ ባይት ይፈቀድለታል፤ በ2003ና በ2007ቱ 20 ነበር። «ስለተፈቀደ ብቻ አይሞላም» ትላለች። ትልቅ ፋይል ለመጠገንም ለመቅዳትም ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በፖሊሲው ዝቅ አድርጋ ዘጋችው። መጀመሪያ አካባቢ ያጉረመረሙ ነበሩ፣ እኔም አንዷ ነኝ። አሁን የዓመቱን ለብቻ እየለየን እናስቀምጣለን። በፖፑም ላይ ደብዳቤው የኢሜይል ሰርቨሩ ላይ 14 ቀን እንዲቆይ አደረገች። ማታ ማታ፣ ሁሉም አውትሉኩን ዘግቶ ሲወጣ፣ ቅጂው በራሱ ወደ ቢሯችን ሰርቨር ይሄዳል። ክፍት ከሆነ ፋይሉ ስለሚቆለፍ አይቀዳም፤ ዘግታችሁ ውጡ የምትለን ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ወዲህ መብራቱ እንደ ልማዱ ይጠፋል፣ የሒሳብ ክፍሉ ግን ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ደግሞ ዶሜኑ ውስጥ ገብቶ አውትሉክ ሲከፈትለት ፋይሉ ራሱ ቦታውን ይይዛል። ማንንም መጥራት የለብንም። ደጋግመን እንድንጠራት አድርጋ መሥራት ትችል ነበር።

እንከኗንም ልንገራችሁ። ዋጋዋ ርካሽ አይደለም። ማታ ስልክ አታነሳም። ክረምት ላይ በመንገዱ ያለውን የሐረጎን ተራራ ጉም ከዋጠው ደግሞ ከደሴ እስክትወርድ ረፋድ ይሆናል። ስታስረዳ ትፈጥናለች፣ ጻፊልኝ በሏት።

ሁሉም ቢሮ እሷን ይፈልጋል ማለቴም አይደለም። ቧንቧ ውሃ አካባቢ አነስተኛ ቢሮ ያላት ጓደኛዬን ልኬላት ነበር። ዶሜን የላትም፣ ኮምፒውተሮቿም ጥቂት ናቸው። ልጅቷ «ለዚህ አትክፈይኝ፣ በእጅሽ አዛውሪው» ብላ በስልክ አሳየቻት። ዊንዶውስ ፕሮ ካላችሁ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ፖሊሲ ማስተካከያው አለ፣ ሆም ላይ ግን የለም። ሰርቨርና ዶሜን ኖሯችሁ ደብዳቤያችሁ የተበታተነባችሁ ግን ደውሉላት።

ከመደወላችሁ በፊት የሰርቨሩን የአድሚን ፓስዎርድ ማን እንደያዘው አጣሩ። የእኛ ከቀድሞው ሰው ጋር ነበር፣ እሱን አፈላልጎ ማግኘት ከሥራው በላይ ጊዜ ወሰደ።