አንኮበር ስትወጡ አስጎብኚ ያዙ

ዘንድሮ ለገና አገር ቤት ስገባ ልጆቼን ይዤ የቀድሞዋ የሸዋ ነገሥታት ከተማ አንኮበር ወጣሁ። ስለ መኪናው፣ ስለ ማረፊያውና ስለ አስጎብኚው የምለው አለኝ። ከውጭ የምትመጡ ሰዎች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ብታነቡት ደስ ይለኛል።

መኪናውን የተከራየነው አዲስ አበባ ነው። ሹፌሩ ጨዋ፣ አነዳዱም የተረጋጋ ነበር፤ እሱን አመሰግናለሁ። ያስቀየመኝ አከራዩ ነው። በስልክ የተስማማነው ነዳጅን ጨምሮ ነበር፣ ጠዋት ሻንጣ ጭነን ልንነሳ ስንል ግን «ነዳጅ በእናንተ ነው» ተባልን። ከውጭ መጡ ሲባል ዋጋው የሚለወጥበት አሠራር ሰው ያሸሻል። ስምምነታችሁን በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ ያዙ። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ አንኮበር ሌላ 40 ገደማ ይቀራል።

ያረፍነው ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ላይ ባለው ሎጅ ነው። መኪና ታች ይቆማል፣ ቀሪው በእግር ነው፣ ዳገቱም ቀላል አይደለም። ሻንጣ የሚሸከሙ የሰፈሩ ልጆች አሉ፤ ደህና አድርጋችሁ ክፈሏቸው። ክፍሉ ንጹሕ ነው። ብርዱ ግን ሌላ ነው! ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስንጠይቅ ሳያጉረመርሙ አመጡልን። ሽሮው ትኩስ፣ ቡናው ግሩም። የውጭ ካርድ ስላልሠራልን በጥሬ ብር ከፈልን፣ ስለዚህ ከታች ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አስጎብኚ ሳይዝ የሚወጣ ሰው የሚያየው ጉም፣ ዛፍና የግድግዳ ስባሪ ነው። ሥዕል አንስቶ ይወርዳል። እኛ የያዝነው የአካባቢው ሰው፣ በዕድሜ ጠና ያሉ አባት ነበሩ። ትልቋ ልጄ ገና እንደደረስን «ንጉሥ ምን አድርግ ብሎት እዚህ ገደል ላይ ይኖራል?» አለቻቸው። አልመለሱላትም። እጇን ይዘው ወደ ምሥራቁ ጫፍ ወሰዷትና «እስኪ እዪ የኔ ልጅ» አሏት። ደጋው እዚያ ላይ ያልቃል። ከሥር የይፋት ቆላ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓይን ማብቂያ የአፋር ሜዳ ነው።

ከዚያ ቀስ ብለው አወሩን። ድሮ ከታጁራ ወደብ የሚነሳው የግመል ነጋዴዎች ቅፍለት በረሃውን አቋርጦ አልዩ አምባ ገበያ ይደርስ ነበር፤ ጨዉ፣ ጨርቁ፣ ጠመንጃው በዚያ መንገድ ነበር ወደ ሸዋ የሚገባው። ከዚህ ኮረብታ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ማን እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቃል። ከባሕር በኩል የመጣ እንግዳም ንጉሡ ፈቃድ እስኪሰጥ ታች ይጠብቅ ነበር። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ካፒቴን ሃሪስም እንዲሁ ደጅ ጠንቶ ነው የወጣው። በ1834 ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ያኔ ኮረብታው ዙሪያውን በእንጨት አጥር የታጠረ ነበር። ይህን ስሰማ የቆምንበት ቦታ ሁሉ መልኩ ተለወጠብኝ፤ እኔ እንደ መናፈሻ ሳየው የነበረውን ጫፍ ለካ ሸዋ አገሩን የሚጠብቅበት ነበር።

ትንሹ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አባት ዕድሜውን ጠየቁትና ትከሻውን ይዘው ስለ ምኒልክ ነገሩት። ምኒልክ አንጎለላ ላይ በ1836 ተወለዱ። በ1848 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን አርፈው ነበር፣ እሳቸውም ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ተማርከው ወደ ቴዎድሮስ አምባ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፣ አንኮበርም እንደገና ንጉሧን አገኘች። በኋላ ወደ እንጦጦ ሄዱ፣ በ1879 አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ አንኮበርም ከዋና ከተማነቷ ወረደች። ልጄ እስከዚያ ቀን ምኒልክን የሚያውቀው በአድዋ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አባትን ለቅቆ አልሄደም፤ ስንወርድም ከእሳቸው ጋር ነበር የሚሄደው።

እኚህ ሰው የጠየቁን ክፍያ ግን ከአንድ ሰው ምሳ ብዙም አይበልጥም ነበር። ጨምረን ሰጠን። ይህን ሁሉ በቃል የያዘ ሰው የሚገባው ከዚህ በላይ ነው፤ ይህ ታሪክም በእሳቸው ቃል ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። እኛ በሄድንበት ጊዜ ጫፉ ላይ ቆላውን የሚያሳይ፣ «ያ አልዩ አምባ ነው፣ ያ የቅፍለቱ መንገድ ነው» የሚል አንድ ሰሌዳ እንኳ አላየሁም። ለዚህ የሚመለከታችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ሰሌዳ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቁሙ፤ ጽሑፉንም እኚህን የመሰሉ አባቶች ቁጭ ብለው ይናገሩና ይጻፍ። ወጪ ከቸገረ እኔ ከሚያዋጡት አንዷ ነኝ፣ ቨርጂኒያ ያሉ የሸዋ ልጆችንም እጠይቃለሁ።