ማራኪ ያለው ጌም ቤት፣ ሞተር አልባ አውሮፕላን ለምታበሩ

ስሙን አልጠራም፣ ጎንደር ማራኪ አካባቢ የምትኖሩ ግን ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ ለፊፋ ነው የሚገባው፣ እኔ ጥግ ያለችዋን ኮምፒውተር ይዤ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የሚባለው የአውሮፕላን ጌም ላይ ግላይደር፣ ያው ሞተር አልባ አውሮፕላን፣ ነው የማበር። በፈረንጆቹ 2022 ጌሙ ላይ ሲጨመር ነው ነገር የመጣብኝ።

የለከፈኝ ክላውስ ኦልማን የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሰውዬው በፈረንጆቹ 2003 አርጀንቲና ውስጥ አንዲስ ተራራ ላይ ያለ ሞተር በአንድ ቀን 3,009 ኪሎ ሜትር በረረ፣ በመኪና ከጎንደር አዲስ አበባ ሁለቴ ደርሶ መልስ በሉት! ነፋሱ ተራራውን ካለፈ በኋላ እንደ ባህር ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፣ እሱ ከፍ የሚለውን እየተከተለ ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም። ስቲቭ ፎሴት ደግሞ፣ ያ በፊኛ ብቻውን ዓለምን የዞረው፣ በ2006 ከአይናር ኤኔቮልድሰን ጋር እዛው አገር 15,460 ሜትር ወጡ፣ ራስ ዳሽን ሦስት ጊዜ ቢደራረብ አይደርስበትም፣ ካቢኑ ግፊት ስለሌለው የጠፈርተኛ ዓይነት ልብስ ለብሰው።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ወንበሩ ምቹ ነው፣ ስክሪኑ ትልቅ፣ ፔዳል ግን የለም፣ ግላይደር ደግሞ እግር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጆይስቲኩን እየጠመዘዛችሁ ነው። ኔት ሲደክም ስሜን ተራራ እንደ ቀለጠ ቅቤ ነው የሚታየው። እዛ የሚሰራው ልጅ ግን ጨዋ ነው፣ አንድ ቀን መጥቶ

«ጋሼ ሞተሩ የታለ?» አለኝ
«የለውም፣ እንደ ጆፌ አሞራ ነው»
«እና የነዳጅ ሰልፍ የለበትም በለኛ!»

ቅር ያለኝ ሒሳቡ ነው። ሰዓቱ 60 ብር፣ ግላይደር ደግሞ ትዕግስት ነው፣ አንድ ገደል ጠርዝ ላይ ነፋስ እየፈለጋችሁ ግማሽ ሰዓት ትመላለሳላችሁ፣ ኦልማን እዚህ ቢጫወት ከንጋት እስከ ምሽት ሒሳቡ ቤቱን ያስሸጠው ነበር። ባለፈው ስንት ለፍቼ 4,800 ሜትር ደርሼ መብራት ሄደ፣ መብራት ሲሄድ የሚይዘው ዩፒኤስ ለፕሌይስቴሽኖቹ ብቻ ነው አሉኝና ሙሉ ሰዓቱን አስከፈሉኝ። ኧረ ተዉ፣ ይሄ እንኳ ደግ አይደለም።

ለማንኛውም ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ፣ የፊፋ ልጆች ሳይነሱ። ጥቁሯን ጆይስቲክ ጠይቁ፣ ቀይዋ ወደ ግራ ትስባለች።