ስክሪኑን ወደ እኔ ላዞሩልኝ ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ኡበር እነዳለሁ። በአደባባይ መጻፍ ልማዴ አይደለም፤ ዛሬ ግን ሳላመሰግን ብቀር ሕሊናዬ አያስተኛኝም።

የማመሰግነው የቤተሰብ ሐኪሜን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። ክሊኒካቸውን ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር አድራሻውን እልካለሁ።

አባቴን የወሰደው ስኳር በሽታ ነው። ከማረፉ በፊት ቀኝ እግሩ ተቆርጧል። ቁስሉን የማጥብለት እኔ ነበርኩ፤ ያኔ 19 ዓመቴ ነበር። ስኳር ሲባል እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ሰማያዊ ሳፋ ነው።

እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ምርመራ አላቋረጥኩም። በየሁለት ዓመቱ ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ደም እሰጥ ነበር። «ደህና ነህ፣ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጣፋጭ ቀንስ» ይሉኝና ወረቀቱን ይሰጡኛል። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ያለፈውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው አልነበረም። እነሱም አላዩም፣ እኔም አላየሁም።

በፈረንጆቹ 2024 ኢንሹራንስ ስቀይር ወደ እኚህ ሐኪም መጣሁ። ገና ሳያዩኝ፣ ከቀጠሮዬ ሦስት ቀን በፊት ነርሷ ደወለችልኝ። የድሮ ውጤቶቼን ከሌላው ክሊኒክ እንዲያስመጡ ፈቃድ ጠየቀችኝ። ቀጥላም ስልኬ ላይ ሰባት ጥያቄዎች ላከችልኝ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ በእርግዝና ጊዜ ስኳር የነበረባት ሴት መሆን አለመሆን፣ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር መኖሩ፣ የደም ግፊት፣ እንቅስቃሴ፣ ቁመትና ክብደት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። 5 ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ለስኳር ተጋላጭነቱ ከፍተኛ ነውና ደም መመርመር አለበት ይባላል። እኔ 6 አመጣሁ።

በቀጠሮዬ ቀን ዶክተሯ መጀመሪያ ያደረጉት ታብሌቱን ከፍተው አማርኛ አስተርጓሚ በቪዲዮ መጥራት ነው። እንግሊዝኛዬ ተሳፋሪ ለማድረስ ይበቃኛል። ስለ ቆሽትና ስለ ኢንሱሊን ለማውራት ግን አይበቃም፤ እሳቸው ይህን ሳልነግራቸው ገባቸው። ከዚያ ኮምፒውተራቸውን ወደ እኔ አዞሩት።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ነጥቦች ነበሩ። 2020 ላይ 5.6። 2022 ላይ 5.9። 2024 ላይ 6.2። ከላይ በኩል 6.5 ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ምርመራው ኤ ዋን ሲ ይባላል፤ ያለፉትን ሦስት ወራት የስኳር መጠን በአማካይ ያሳያል። ከ5.7 በታች ደህና ነው። ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር ነው። 6.5 ከደረሰ ስኳር በሽታ ነው።

ዶክተሯ እስክሪብቷቸውን አነሱና በሦስቱ ነጥቦች ላይ አጋደሙት። ጫፉ ከቀዩ መስመር በላይ አለፈ። «ምንም ካልተለወጠ መንገዱ ወደዚህ ነው» አሉኝ። ከዚያ የእስክሪብቶውን ጫፍ ቀስ አድርገው ወደ ታች አዘነበሉት። «ይህም ይቻላል።»

ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ። እሱ በሽታው እንዳለበት ያወቀው ቁስሉ አልድን ሲለው ነው።

በኋላ ስጠይቃቸው አሠራሩን አስረዱኝ። ኮምፒውተሩ የበሽተኛውን የደም ውጤት፣ ክብደትና ዕድሜ አይቶ «ይህን ሰው ልብ በሉት» የሚል ምልክት ያወጣል። ችግሩ ኮምፒውተር ለሐኪም በቀን የሚያወጣው ምልክት መዓት ነው። ከበሽተኛ በሽተኛ የሚሮጥ ሐኪም እያየ ያልፈዋል። እነሱ ያደረጉት ምልክቱ መጀመሪያ ለነርሷ እንዲደርስ ነው። ነርሷ በየሳምንቱ ዝርዝሩን ታወጣለች፤ ቁጥራቸው ከ5.7 እስከ 6.4 ሆኖ ዓመት ሙሉ ያልመጡትን እየደወለች ትጠራለች። ባለቤቴም የተገኘችው በዚህ ዝርዝር ነው። ሁለተኛ ልጃችንን ስታረግዝ ስኳር ነበረባት። ከወለደች በኋላ ጠፋ ተብሎ ተረስቶ ነበር። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የነበረባት ሴት ቆይቶ ሊይዛት እንደሚችል ማንም አልነገራትም ነበር። እህቶች፣ ይህቺን ነገር አደራ።

መድኃኒት አላዘዙልኝም። ያስገቡኝ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ የሚባለው፣ እውቅና የሚሰጠው የስኳር መከላከያ ፕሮግራም ውስጥ ነው። አንድ ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ስድስት ወር ቢያንስ 16 ትምህርት አለ፤ ከዚያ በወር አንዴ ይሆናል። በአካልም በኢንተርኔትም ይሰጣል። መሠረቱ በ2002 ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት ነው። 3,234 ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈውበታል። ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች፣ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ደግሞ አመጋገብና እንቅስቃሴው 71 በመቶ ነው የቀነሰው። እናንተ «አረጀሁ፣ አለቀልኝ» የምትሉ አባቶችና እናቶች፣ ይህን ቁጥር ያዙት።

የኔ ትምህርት በዙም ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሥራ ሳልጀምር። ሚዛን በፖስታ ላኩልኝ። ስወጣበት ቁጥሩ በራሱ ለፕሮግራሙ አሠልጣኝም ለዶክተሯም ይደርሳል። 198 ፓውንድ ነበርኩ፤ 7 በመቶው 14 ፓውንድ ገደማ ነው። ምግቤን ፎቶ እያነሳሁ ስልኬ ላይ ባለው አፕ እልካለሁ።

ከባዱ እንጀራው ሳይሆን ማዕዱ ነበር። አንድ መሶብ ከበን ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። አሠልጣኟ መጀመሪያ ለብቻህ ሳህን አድርግ አለችኝ። አንድ ማታ ሞከርኩት። ባለቤቴ ምንም አላለችም፣ ግን ፊቷ ተለወጠ። ትንሹ ልጄ «አባዬ ተጣልተሃል?» አለኝ። ይህን ስጽፍላት አሠልጣኟ ፎቶዎቹን መልሳ አየችና ሌላ ዘዴ አመጣች። ግማሽ እንጀራ ተጠቅልሎ ከትሪው በእኔ በኩል ይቀመጣል፤ ጎመኑና ምስሩ በርከት ብሎ ወደ እኔ ይደረጋል። ግማሹ ሲያልቅ እጄን እታጠባለሁ። ከማዕዱም አልተለየሁም። የኛ ሰው ያልሆነች ሴት ለዚህ ነገር እንዲህ መጨነቋ ልቤን ነካው።

ሻይም አለ። ኤርፖርት ወረፋ ስንጠብቅ በቀን አራት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። አፑ ላይ ስመዘግብ 12 ማንኪያ ሆነ። አሁን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። ቅርንፉዱና ቀረፋው ይበቃኛል።

ዶክተሯ ጾም መቼ እንደሚገባ ሳይቀር ፋይሌ ላይ ጽፈውታል። በሁዳዴ 55 ቀን ክብደቴ ይቀንሳል ብዬ ነበር። ሚዛኑ ግን ጨመረ፤ ዳቦውና ፓስታው ነው። ቁጥሩን ከሩቅ አይተው በአፑ መልእክት ላኩልኝ፤ ሽምብራና ምስር ጨምር፣ ዳቦውን ተው ብለው። ቀጠሮ እስኪደርስ አልጠበቁም።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ 184 ፓውንድ ሆንኩ። ኤ ዋን ሲው 5.6 ሆነ። ዶክተሯ ስክሪኑን ሲያዞሩት አራተኛውን ነጥብ እኔ ራሴ በጣቴ ነካሁት። መንገዱ እንዳላለቀ ያውቃሉ፤ በየዓመቱ ይመረምሩኛል።

ወገኖቼ፣ ዕድሜያችሁ ከ35 እስከ 70 ከሆነና ክብደታችሁ ከፍ ካለ፣ የስኳር ምርመራ አብዛኛው ኢንሹራንስ ያለ ክፍያ ይሸፍናል። ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ፣ ያላቸው ወላጆቻችሁም መስፈርቱን ካሟሉ ከ2018 ጀምሮ ፕሮግራሙ በነጻ ይሰጣቸዋል። ሐኪማችሁን «የቀድሞ ቁጥሬን አብረው ያሳዩኝ» በሏቸው። አስተርጓሚም ጠይቁ። ልጃችሁን አታስቸግሩ፣ ክሊኒኩ ያቀርብላችኋል።

ዶክተር፣ ይህን ጽሑፍ ልጄ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰችልኝ ነው፤ ማታ በአፑ እልክልዎታለሁ። ልጆቼ የእኔን እግር ሳፋ ውስጥ አያጥቡም ብዬ ተስፋ እንዳደርግ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ነርሷንም አሠልጣኟንም ጨምሮ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።