የ6805 ቁጥር ፉርጎ፦ አሮጌው ወይስ አዲሱ?

ላዮኔል የተባለው የአሜሪካ አሻንጉሊት ባቡር አምራች በ1958 (በፈረንጆቹ) ቁጥር 6805ን ገበያ ላይ አዋለ። ቀይ ጠፍጣፋ ፉርጎ ነው፤ ላዩ ላይ ሁለት ጣሳ ተቀምጧል። ጣሳዎቹ ላይ «አደጋ፣ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሐዲዱ በሚያገኙት ኤሌክትሪክ ውስጣቸው ያለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እስቲ አስቡት፣ የኑክሌር ቆሻሻ ለልጅ መጫወቻ!

አሮጌውን የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ጣሳዎቹን እዩ። ተነቃይ ስለሆኑ በቀላሉ ይጠፋሉ፤ ከዚያ በኋላ በተሠራ ምትክ የተተኩም አሉ። ሻጩ ዝም ካለ እናንተ ጠይቁ። መብራቱንም ሐዲድ ላይ አስቀምጣችሁ ሞክሩት። የካርቶን ሳጥኑ አብሮ ካለ ዋጋው ይሰቀላል።

ላዮኔል በኋላ ያወጣቸው ተመሳሳይ ፉርጎዎች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም። ከሳጥን አውጥቶ ማስሮጥ ነው፤ ልጅ ቢጥላቸውም ራስ አያሳምሙም። የሐዲዱ ስፋትም ያው 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአሮጌዎቹ ጋር ይቀጠላሉ።

እኔ ግን ቀለሙ የተፋቀው አሮጌው ይሻለኛል። ያ ጭረት የአንድ የ1950ዎቹ ልጅ እጅ ነው።