የናፍጣ ግፊት ጌጄ፦ መለኪያው ደህና ነው፣ ሴንሰሩ ግን ጉድ ሊያደርገኝ ነበር

መኪናዬ የድሮው አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። ኮመን ሬል (በኮምፒውተር የሚታዘዘው የናፍጣ አረጫጨት) የለውም፣ ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ቡና ይጭናል። የናፍጣ ግፊት ጌጅ ያስገጠምኩለት በጀሪካን ናፍጣ ምክንያት ነው። ማደያ ላይ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር መግዛት ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ውሃም ቆሻሻም አያጣውም። ፊልትሮ ተደፍኖ መኪናው ከመቆሙ በፊት ግፊቱ ሲወርድ ማየት ፈለግኩ። ለዚህ ሥራ ጌጁ አላሳፈረኝም። ማታ መብራቱም ዓይን አይወጋም።

የተናደድኩት በሌላ ነው።

ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሰኮሩ ድረስ ሰላም ነው። ከአበልቲ ወርደን የግቤን ድልድይ ተሻግረን የወልቂጤን ዳገት ስንጀምር መርፌው ድንገት ዜሮ ላይ ዱብ ይላል። ሙሉ ጭነት፣ ከባድ ማርሽ፣ በዚያ ላይ የግቤ ሙቀት። ኋላህ የጭነት መኪና ተሰልፎ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ዜሮ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር ያውቀዋል። ትንሽ ቆይቶ መርፌው ተመልሶ ብድግ ይላል። ከዚያ እንደገና ዱብ።

ለመለዋወጫ ሻጩ ስነግረው አላሰበም። «ወንድሜ፣ ፊድ ፓምፑ ሞቷል። ኦሪጅናል አለኝ፣ ላውጣልህ?»

ቆይ እስቲ። ፊድ ፓምፕ ማለት ናፍጣውን ከታንከር ስቦ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ነው፤ እሱ ቢሞት ያ ሁሉ ጭነት ዳገቱን በምን ይወጣል? ጉልበቱ አልቀነሰም፣ ሞተሩ አልተንገጫገጨም። ናፍጣ ያልደረሰው ሞተር ዝም ብሎ አይጎትትም። ፊልትሮ ሲደፈን ደግሞ መርፌው የሚወርደው ቀስ በቀስ ነው፤ ነዳጅ ስትሰጠው ዝቅ፣ ስትለቅለት ከፍ ይላል። በአንዴ ወድቆ በአንዴ የሚነሳ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ይህንን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

አጂፕ አካባቢ ያለ መካኒክ ነው ነገሩን የለየልኝ። ፓምፑን አልነካም። መጀመሪያ ሽቦ የሌለው፣ በቱቦ በቀጥታ የሚያነብ ጌጅ እዚያው የናፍጣ መስመር ላይ በቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) ገጠመና ጭነን ወጣን። የሱ ጌጅ 1.5 ባር ገደማ ላይ ቆሟል፤ በፒ ኤስ አይ ወደ 22 መሆኑ ነው። የኔው ዜሮ ይላል።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ከፈተ። የሴንሰሩን፣ ማለትም ግፊቱን ለክቶ በሽቦ ለጌጁ የሚነግረውን ዕቃ፣ ሽቦ ነቀለ፤ መርፌው ጫፍ ድረስ ወጣ። ሽቦውን ከሞተሩ ብረት አነካካው፤ ዜሮ ገባ። ስለዚህ ጌጁም ሽቦውም ጤነኛ ናቸው። (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው፤ የኔ ሴንሰር ግፊት ሲጨምር ከ10 እስከ 180 ኦም የሚሄደው ዓይነት ነው። ከ240 ወደ 33 በሚወርደው ዓይነት ውጤቱ የተገላቢጦሽ ይሆናል።) በመጨረሻ ሞተሩን አስነስቶ ሴንሰሩን በቴስተር ለካ። ቀዝቃዛ ሳለ ቁጥሩ ከግፊቱ ጋር ይወጣል። ሞተሩ በደንብ ሲግል 10 ላይ፣ ማለትም ዜሮ ግፊት ላይ፣ ተቸንክሮ ይቀራል። ጅማ ላይ ጠዋት የሚሠራው፣ ግቤ ላይ የሚሞተው ለዚህ ነው።

ሴንሰሩን ምን ገደለው? የዚህ ሞተር ፊድ ፓምፕ በፒስተን ነው የሚገፋው፤ ናፍጣውን እንደ ልብ ምት እየመታ ይልከዋል። ሴንሰሩ ደግሞ በቀጥታ ፊልትሮው ራስ ላይ ተጠምዝዟል። ምቱን፣ ንዝረቱን፣ ሙቀቱን ሁሉ ይቀበላል። ምቱን የምታበርድ፣ ቀዳዳዋ እንደ ክር የቀጠነች ማያያዣ አለች። ዋጋዋ ከጌጁ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ካርቶኑ ውስጥ የለችም። ስለሷ የሚል ወረቀትም የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

አሁን አዲሱ ሴንሰር በአጭር የናፍጣ ጎማ ቱቦ ከሞተሩ ርቆ ሻንሲው ላይ ታስሯል፣ ማያያዣዋም ገብታለች። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ግራውንዱን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ) የሚያገኘው በራሱ አካል ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ለብቻው የግራውንድ ሽቦ ተስቦለታል። ከዚያ ወዲህ ዳገቱን ስንት ጊዜ ወጣን፣ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ፊድ ፓምፑም ያው የድሮው ነው።

ጌጁን አልነቅለውም፣ ያስፈልገኛል። ከዚያ ሱቅ ግን ሁለተኛ አልገዛም። ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ማያያዣዋን ከጌጁ ጋር አብራችሁ ጠይቁ። ሻጩ «አያስፈልግም» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።