የመስጠምና የመንሳፈፍ መሞከሪያ ሳጥን፦ ኩቦቹ ግሩም፣ መመሪያው ግን እርማት የሚሻ

ለስምንት ዓመት ልጄ ስለ መስጠምና መንሳፈፍ የሚያስተምር የሳይንስ መሞከሪያ ሳጥን ከአንድ የመጫወቻ ዕቃዎች መደብር በ1,900 ብር ገዝቼ፣ ከእርሷና ከእኅቴ ልጅ ጋር ለሦስት ሳምንት ያህል ስንሞክረው ቆይተናል። ሳጥኑ እያንዳንዱ ጎናቸው 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ አምስት ኩቦች፣ ፕላስቲሲን፣ ትንሽ ከረጢት ጨውና ባለ ስምንት ገጽ የአማርኛ መመሪያ ይዟል።

ገንዘቤ እንዳይቆጨኝ ያደረጉት ኩቦቹ ናቸው። አምስቱም በመጠን እኩል ስለሆኑ ልጆቹ የሚያወዳድሩት ክብደታቸውን ብቻ ነው። በወጥ ቤት ሚዛን የእንጨቱ 4፣ የአሉሚኒየሙ 22፣ የብረቱ 63 ግራም መዘነ፤ የእነዚህን ዕጣ ግን ልጆቹ ኩቦቹ ውሃ ውስጥ ሳይገቡ ገምተውታል። ነገሩ የጣፈጠው በሁለቱ የፕላስቲክ ኩቦች ላይ ነው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ በእጅ ሲያዙም አይለዩም፤ ሳፋው ውስጥ ሲገቡ ግን አንዱ ተንሳፈፈ፣ ሌላው ሰጠመ። ሚዛኑ ለተንሳፈፈው 7፣ ለሰጠመው 9 ግራም ሲያሳይ ልጄ «ውሃውስ ስንት ነው?» አለች። የአንዱን ኩብ ያህል ቦታ የሚይዘውን 8 ሚሊ ሊትር ውሃ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ለክተን ስንመዝነው 8 ግራም ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ማብራሪያ አላስፈለገም።

መመሪያው ግን በሁለተኛው ገጽ ላይ «ከባድ ነገር ይሰጥማል፤ ቀላል ነገር ይንሳፈፋል» ይላል። ኩቦቹ እኩል ስለሆኑ አባባሉ እውነት ይመስላል፤ የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው። የእኅቴ ልጅ ወዲያው «ታዲያ ግንድ ወንዝ ላይ እየተንሳፈፈ ምስማር ለምን ይሰጥማል?» ብሎ ጠየቀ፤ መመሪያው ለዚህ መልስ የለውም። በትምህርት ቤት የሚማሩት «እፍጋት» (አንድ ነገር ከሚይዘው ቦታ አንጻር ያለው ክብደት) የሚለው ቃል የተጠቀሰው በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ፣ ያውም ያለ ፍቺ ነው።

ጨዉም አይበቃም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው 10 ግራም በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሲሟሟ ውስጡ ያስገባነው እንቁላል ከታች ንቅንቅ አላለም፤ ከቤት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምረን ስናማስለው ግን ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሳንቲም የምታህል ጫፉን ከውሃው በላይ አወጣ። ጨው በሚመረትበት በአፋሩ የአፍዴራ ሐይቅ ሰው በቀላሉ የሚንሳፈፍበትን ምክንያት፣ ማለትም ጨዋማ ውሃ በእኩል መጠን ከተራ ውሃ እንደሚከብድ፣ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላገኘሁም።

ፕላስቲሲኑ ደርቆ ስለተሰነጣጠቀ ጠጠር ባለ የስንዴ ሊጥ ተካነው። ሲድቦለቦል የሰጠመው ሊጥ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሲሠራ ውሃ ጠጥቶ እስኪላላ ድረስ ተንሳፈፈ። ያልተቀባው የእንጨት ኩብም ሲነከር ሲወጣ በሦስተኛው ቀን ጠርዙ አብጦ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ መንሳፈፍ ጀመረ፤ ስለዚህ ከተጠቀሙበት በኋላ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ሳጥኑን ከሰባት ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች፣ ወላጅ አብሮ እስከተቀመጠ ድረስ፣ እንዲገዛ እመክራለሁ። እኔ በሁለተኛው ገጽ ዳርቻ ላይ «መጠናቸው እኩል ከሆነ» ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ፤ ለጎረቤት ልጆች ስናውሰውም እንዲሁ ከነጽሑፉ ነው።