ሚቲንግ ጋይድ እና የኤ ኤ ስብሰባ፦ አሜሪካ ላለ አበሻ ምን ያህል ይጠቅማል?

መጠጥ ላቁም ብሎ የቆረጠ ሰው ቀድሞ የሚያስጨንቀው «የት ልሂድ? ማንስ ያየኛል?» የሚለው ነው። አሜሪካ ለሚኖር ሰው «የት» የሚለው ቀላል ነው። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ወንበር ያለበትን ሚቲንግ ጋይድ የሚባል መተግበሪያ በነፃ ያውርዱ። ባለቤቱ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ባጭሩ ኤ ኤ፣ ነው። ምዝገባ አይጠይቅም። ያሉበትን ቦታ እንዲያይ ከፈቀዱለት በአቅራቢያዎ ቀጥለው የሚጀመሩትን ስብሰባዎች ከነርቀታቸው ይደረድርልዎታል።

ድክመቱ መረጃውን ከየአካባቢው የኤ ኤ ቢሮዎች የሚሰበስብ መሆኑ ነው። የአካባቢው ቢሮ ያላደሰውን ስብሰባ መተግበሪያውም እንዳለ ያሳያል፤ ስብሰባውን ያቆመ ቡድን ጋ ሄዶ መመለስ ያጋጥማል። ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ግን የበር ነው። ብዙዎቹ ቡድኖች የሚከራዩት የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ስለሆነ የፊቱ በር ተቆልፎ ይገኛል፤ መግቢያው በጎን ወይም በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። አዲስ ሰው የተቆለፈ በር ካየ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከቤቱ ደግሞ ወደ ጠርሙሱ። ስለዚህ ከአድራሻው ሥር ያለችውን ማስታወሻ ያንብቡ፣ 15 ደቂቃም ቀድመው ይድረሱ።

ከመሄድዎ በፊት አንድ ከባድ ነገር አለ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊታወክ ይችላል። ካቆመ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ እጅ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ራስን ስቶ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ ከዚያም ቅዠትና መደናገር ይከተላል። ይህ ይገድላል። ስብሰባ ሐኪም አይተካም፣ ጠበልም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ሆስፒታል ይሂድ።

የስብሰባውን ዓይነት መምረጥ ከምንም በላይ ያስፈልጋል። «ክፍት» የተባለው ለማንም ነው፤ ወንድም ወይም ጓደኛ ይዞ መግባት ይቻላል። «ዝግ» የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው በተናጋሪ ስብሰባ ይጀምር። እዚያ አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል፣ የተቀረው ያዳምጣል። የኤ ኤ መጽሐፍ የሚነበብበት፣ የመጽሐፍ ጥናት የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ዙሪያ ተራ በተራ ጮክ ብሎ ማንበብ አለው፤ ፊደሉ የሚያደናቅፈው ሰው ያን ቀን ተሳቅቆ እንዳይቀር እንሰጋለን። ተራዎ ከደረሰ በእንግሊዝኛ «አይ ፓስ» (ልለፍ) ማለት ይበቃል፤ ማንም አያስገድድዎትም። በቋንቋ ማጣራት ይቻላል፣ ግን የሚያገኙት በብዛት እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ነው። ለእኛ ሰው ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

አበሻ በበዛበት ሰፈር፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሚኖር ሰው ወሬ ይፈራል፤ ፍርሃቱም እውነተኛ ነው። ሁለት ሦስት የሜትሮ ፌርማታ ራቅ ያለውን ይምረጥ። የሚያውቁትን ሰው እዚያ ካገኙት ግን እሱም የመጣው ለዚያው ጉዳይ ነው። ስብሰባውን በኢንተርኔት፣ በዙም የሚገቡ ከሆነ ከመግባትዎ በፊት ስምዎን ያስተካክሉ፤ ስልኩ ሙሉ ስምዎን ከነአባትዎ አውጥቶ ሊያሳይ ይችላል።

ስብሰባው ብዙውን ጊዜ 1 ሰዓት ይፈጃል። «አዲስ ሰው አለ?» ሲባል እጅ ያውጡ፤ አንድ ቀን ሳይጠጡ ለመዋል ምልክት የሆነው የ24 ሰዓት ሜዳሊያና የአባላት ስልክ የተጻፈበት ወረቀት የሚገኘው በዚህ ነው። ወረቀቱን ይጠብቁት፤ የሚደወለው ከመጠጣት በፊት ነው። ቅርጫት ሲዞር እንደ ሙዳየ ምጽዋት አያስቡት፤ አባላት አንድ ሁለት ዶላር ለኪራይና ለቡና ይጥላሉ፣ አዲስ ሰው ባይጥል ማንም ቅር አይለውም። ፍርድ ቤት የላከው ሰው መገኘቱ የሚፈረምበትን ቅጽ ስብሰባው ሳይጀመር ለሰብሳቢው ይስጥ። የማይፈርም ቡድን ስላለ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስፖንሰር ማለት ኤ ኤ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተላቸውን 12 ደረጃዎች አብሮ የሚሠራ የቆየ አባል ነው፤ የነፍስ አባት አይደለም፣ ሐኪምም አይደለም። በልማድ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ነው። ወዲያው መምረጥ ካቃተዎ «ጊዜያዊ ስፖንሰር» ብለው ይጠይቁ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት አቁም የሚል አባል ካጋጠመ አይስሙት፤ ኤ ኤ ራሱ አባላቱ በሐኪም ሥራ እንዳይገቡ ይመክራል። እንዲህ ያለ ምክር የለመደበት ቡድን ካለ ቡድኑን ይቀይሩ።

ይሠራል ወይ? በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሰውን ወደ ኤ ኤ በሥርዓት የሚያስገባው ሕክምና ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ ከሌሎቹ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ ብዙ ጊዜም እንደሚበልጥ አገኘ። ይህ ግን ለሚመላለስ ሰው ነው። አንድ ቀን ሄዶ «አልተመቸኝም» ማለት አንድ ምግብ ቤት ቀምሶ ከተማውን እንደ መተው ስለሆነ፣ ቢያንስ ስድስት የተለያዩ ቡድኖች ይሞክሩ እንላለን። በኤ ኤ ስብሰባ የሚደረገው ጸሎት ያልተስማማው ሰው ስማርት ሪከቨሪ የተባለውን ሌላ የመረዳጃ ቡድን ይይ፤ በእሱ ዘንድ ደረጃም ስፖንሰርም የለም፣ የአስተሳሰብ ልምምድ ነው። ሚስት፣ ባል ወይም እናት ደግሞ ጠጪው እስኪነሣ መጠበቅ የለባቸውም፤ ለቤተሰብ የተለየው አል-አኖን ዛሬውኑ ክፍት ነው።